ወደ ብርብር ማርያም፦ የአንድ ዳገት ታሪክ

አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ መስፋፋት አጭር መጽሐፍ በግእዝ ጻፈ። እያንዳንዱ ሉባ፣ ማለትም የገዳ ትውልድ፣ በስምንት ስምንት ዓመት ዘመኑ ወዴት እንደዘመተ፣ የቱን አገር እንደያዘ በተራ ይዘረዝራል። አጻጻፉ ረጋ ያለ ነው፤ የሰው ጉዳይ እንጂ የራሱ ጉዳይ አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ ግን ሆዱ ይብሰዋል። ዳዌ የሚባሉት ወገኖች አገሩን ጋሞን እንዳጠፉበት፣ የነበረውን ንብረት ሁሉ እንደዘረፉት ይናገራል።

የደቡብን ክርስትና ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህች ዐረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ጋሞን አገሬ የሚል፣ ግእዝ አንብቦ የሚጽፍ፣ በኋላም ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት ጋር የተጠጋ የቤተ ክህነት ሰው በዚያ ዘመን ነበረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሜዳ አይበቅልም፤ መምህር፣ ብራና፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀለብ የሚሰፍር ምእመን ያስፈልገዋል። ባሕርይ በዚሁ መጽሐፍ ጥቂቶቹ ብዙዎቹን እንዴት አሸነፉ ብሎ ሲጠይቅ የአገሩን ሰው በዐሥር ይከፍልና ዘጠኙ ወገን ጦር ሜዳ አይውልም ይላል። ከማይዋጉት ቀድሞ የጠራው መነኮሳትን ነው። የራሱን ወገን ከወቀሳ ያላወጣ ጸሐፊ ስለ አገሩ የሚሰጠውን ምስክርነት እኔ በበኩሌ ለማመን አልቸገርም።

ከእሱ ከመቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለነገሠው ለዐፄ ይስሐቅ በተገጠመው የድል ግጥም ውስጥ ጋሞ ከገባር አገሮች ጋር ተጠርቷል። የቤተ መንግሥት ግጥም ማጋነን ልማዱ ነውና ግብሩ በየዓመቱ ይደርስ ነበር ብለን ለመማል አያበቃም። ስሙ ግን በንጉሥ ፊት የሚጠራ፣ የሚታወቅ ስም ነበር። ከይስሐቅ እስከ ባሕርይ ባለው ጊዜ ውስጥ የአዳሉ መሪ የኢማም አህመድ ኢብራሂም (የግራኝ) ጦርነት መጣ፤ በ1529 እ.ኤ.አ. በሽምብራ ኩሬ ድል አድርጎ በ1543 ወይና ደጋ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የኦሮሞ መስፋፋት ተከተለ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ሸሸ፤ ጋሞ ከንጉሡም ከጳጳሱም ተቆርጦ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ለብቻው ቀረ።

የብርብር ማርያም ዝና እዚህ ላይ ይጀምራል። ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው ደጋ የምትገኘው ይህች ደብር ከጥንት የተረፈ ታቦትና የብራና መጻሕፍት ያላት መሆኗ በአገሩ የታወቀ ነው። የአካባቢው ትውፊት፣ በዚያ ሁሉ መከራ ታቦቱን ሸሽጎ ያቆየው የተራራው ሕዝብ ነው ይላል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች፣ በደብረ ጽዮን፣ የዛይ ሕዝብ ስለ መጻሕፍቱ የሚተርከውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንዱ ውኃ ከለለው፣ አንዱ ገደል። ግሸንን የመሰለ ደብር የነገሥታት ደጋፊና ታሪክ ጸሐፊ ነበረው። ብርብር ግን የረዳትም የጻፈላትም ስለሌለ ታሪኳን ከአፍ ወደ አፍ ነው የያዘችው።

ትውፊቱን እንዴት እንመዝነው? ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርበው የጋሞ ሰው የክርስትና ልማዶችን ያለ ቄስ ጠብቆ ቆየ የሚለው ነው፤ ለዚህም መስቀላ፣ ማለትም የመስቀል በዓል፣ የዓመቱ ታላቅ በዓል መሆኑ ይጠቀሳል። በዚህ ረገድ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ከጋሞ ወገኖች አንዱ በሆነው በዶርዜ ሰምቶ የጻፈው ነገር ፈገግ ያሰኛል። የዶርዜ ሰው ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል ይላል፤ በረቡዕና በዓርብ ግን ከብቱን ከነብር መጠበቁን አይተውም። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሆኖም ስፐርበር ዶርዜ የኖረው በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ የምኒልክ ጦር ጋሞን ከያዘና ካህናት ተመልሰው ከገቡ ሰባ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። የነብሩ ጾም ከባሕርይ ዘመን የወረደ ይሁን ከኋላኞቹ ካህናት የተማረው፣ ነብሩን ጠይቆ መመለስ አይቻልም። መስቀላም እንደዚሁ ብቻውን አያስረዳም። ለብርብር የሚመሰክሩላት ብራናውና ባሕርይ ናቸው። ፈረንሳዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ አንድሬ ካኮ በ1955 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«አናል ዴቲዮፒ» መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ለደብሯ የተለየ ማስታወሻ የጻፈላትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ዛሬ ከአርባ ምንጭ የሚነሳ ተሳላሚ የሶዶን አስፋልት ይዞ የአባያን ዳር እየታከከ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በግራው ተራራው ግንብ መስሎ ቆሟል፣ በቀኙ ሐይቁ ከጎርፍ አፈር የተነሳ ቀይ ሆኖ ተኝቷል፤ መሐሉ የሙዝ እርሻ ነው። የምዕራብ አባያ ወረዳ ከተማ የሆነችው ብርብር ሲደርስ ከመኪና ይወርዳል። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጧፉን ወይም የስለት ጃንጥላውን ይዞ ሽቅብ ይጀምራል። ቆላው ከኋላው እየቀረ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል። ይህን ዳገት የወጣ ሰው «ከዓለም የራቀች ደብር» ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን አባባሉ የቆላ ሰው አባባል ነው እላለሁ፤ ቆላው ደግሞ አዲስ ነው። የጋሞ አገር ከጥንት ጀምሮ ደጋ ነው። ገብስና እንሰት የሚያበቅለው፣ በየደሬው (በየአገር ክፍሉ) የተከፋፈለው፣ ጉዳዩን በዱቡሻ (በሸንጎ አደባባይ) ተቀምጦ የሚጨርሰው፣ ገበያውን ቀን ለይቶ በተራ የሚያቆመው ሕዝብ የኖረው ከላይ ነው። ጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከሱ ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ነው። የሐይቁ ዳር ግን የወባ አገር ነበር። የጋሞ ሰው ለአደንና ለግጦሽ ቢወርድበትም ቤት ሊሠራበት አይሻም ነበር። ስለዚህ የባሕርይ ዘመን ምእመን ወደ ብርብር ሲሄድ ገደል እየቧጠጠ ከታች አልወጣም፤ ከሸንተረር ሸንተረር፣ ከገበያ ገበያ እያለፈ፣ እንደሱው ደገኛ በሆነ ሰው ደጃፍ እያደረ ነው የሚደርሰው። ብርብር በረሃ ውስጥ የተሸሸገ ገዳም ሳትሆን በመንደሮች መካከል ያለች ደብር ነበረች። ታቦቱን ያተረፈው ገደሉ ብቻ አይመስለኝም፤ በዙሪያው ሰው መኖሩ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የሕንዶቹን ኬዳርናትን ማሰብ ይበቃል። የሺቫ መቅደስ የሆነው ኬዳርናት በሂማላያ 3,583 ሜትር ላይ ይገኛል። ተሳላሚው ከጋውሪኩንድ ተነስቶ ሽቅብ በእግሩ ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ በረዶ መንገዱን ይዘጋውና መቅደሱ ተቆልፎ ጣዖቱ ወደ ኡኪማት ይወርዳል፤ አምልኮው እስከ ጸደይ እዚያ ይቀጥላል። እዚያ ከፍታው ሰውን ያስወጣል። በጋሞ ግን እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ዓመቱን ሙሉ ጭስ ከጎጆ አይጠፋም፤ ሙት የሆነው ወቅት ሳይሆን ቆላው ነበር።

ነገሩን የገለበጠው የመንግሥት መንገድ ነው። ምኒልክ ጋሞን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲይዝ ገዢዎቹ የሰፈሩት እንደ ሕዝቡ ደጋ ላይ ነው፤ ጨንቻም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ቆየች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ግን ዋና ከተማው በሁለቱ ሐይቆች መካከል ወዳለችው አዲሷ አርባ ምንጭ ወረደ። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሮው ወረደ፣ ፍርድ ቤቱ ወረደ፣ መኪናው ወረደ። ደገኛው መሬት ጠቦት በሰፈራ ተከተለ፤ የእርሻ ልማት ድርጅቶች መጡ፣ ሙዙ ተተከለ፣ የወባው አገር የወረዳ ከተሞች ሰንሰለት ሆነ። የሸንተረሩ መንገድ የገበያና የለቅሶ መንገድ ብቻ ሆኖ ሲቀር የውጭ ሰው ረሳው።

ካኮ ማስታወሻውን ሲያሳትም ዋና ከተማው ገና ጨንቻ ነበር፤ ያኔ ብርብርን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ከአስተዳደሩ ወንበር ተነስቶ በደጋው ላይ መጓዝ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሄደው አጥኚም ቱሪስትም በአስፋልቱ መጥቶ ከግርጌው ነው የጀመረው። የብርብር ካህናትና ምእመናን ግን ከቦታቸው አልተነሱም፤ የማርያም ቀን በመጣ ቁጥር ከላይኞቹ መንደሮች የሚመጣው ሰው ዛሬም ዳገት ሳይወጣ ይደርሳል።