የሟች ቃልና አደራ ተቀባዩ

በአገራችን ልማድ ሰው ሞቱ መቃረቡን ባወቀ ጊዜ የነፍስ አባቱንና ሽማግሎችን አስጠርቶ፣ ያለውን ገንዘብና ያለበትን ዕዳ ቈጥሮ፣ ለልጁ፣ ለድኻውና ለተዝካሩ የሚሆነውን ለይቶ ይናዘዛል። በመጨረሻም «አደራ!» ብሎ ዐይኑን ይከድናል። የተናዛዡ ድካም በዚህ ቃል ይፈጸማል፤ የአደራ ተቀባዩ ድካም ግን በዚሁ ቃል ይጀምራል። ስለዚህ የአልፍሬድ ኖቤልን ስም ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ለጊዜው ትተን፣ የኖቤልን ቃል ከመሻር ያዳነውን የወጣቱን የራግናር ሶልማንን ሥራ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ ወደድን። ስለ ስዊድን በምንናገረው ሁሉ የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ኖቤል በ1833 በስቶክሆልም ተወልዶ፣ ድማሚትን ፈልስፎ፣ በብዙ አገር ፋብሪካ አቁሞ እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር፤ ሚስትና ልጅ ግን አልነበሩትም። ኖቬምበር 27 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ፣ የሕግ ዐዋቂ ሳያማክር በገዛ እጁ የጻፈውን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ፈረመ። ሀብቱ ወደ ገንዘብ ተለውጦ በአስተማማኝ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ወለዱም በየዓመቱ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በሕክምና፣ በሥነ ጽሑፍና በሰላም ሥራ ለሰው ልጅ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ላስገኙ ሰዎች፣ የየት አገር ተወላጆች ናቸው ሳይባል እንዲሰጥ አዘዘ። ዲሴምበር 10 ቀን 1896 በኢጣልያ፣ በሳን ሬሞ ዐረፈ።

ኑዛዜው ሲከፈት አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት ሁለት መሐንዲሶች፣ ራግናር ሶልማንና ሩዶልፍ ሊልየክቪስት መሆናቸው ታወቀ። ሶልማን የኖቤል ረዳት የነበረ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆን ዕድሜው ገና 26 ዓመት ነበር። ሁለቱም ሕግ የተማሩ ስላልነበሩ ካርል ሊንድሃገን የተባለውን የሕግ ዐዋቂ ረዳት አድርገው ያዙ።

የኑዛዜው ሐሳብ ታላቅ ቢሆንም አጻጻፉ ጐደሎ ነበር። ገንዘቡን ተረክቦ የሚያስተዳድር ድርጅት አልነበረም፤ ሽልማቱን እንዲሰጡ የተጠሩት የስዊድን ማኅበረ ምሁራንና የኖርዌይ ምክር ቤትም አስቀድመው አልተጠየቁም። ከ31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር የሚበልጠው ሀብት በብዙ አገር ተበትኖ ነበር። ከዘመዶቹም አንዳንዶቹ ኑዛዜው እንዲፈርስ ተነሡ። የሟቹ መኖሪያ ፓሪስ ነው ተብሎ ቢፈረድ ጉዳዩ በፈረንሳይ ፍርድ ቤት ሊወድቅ ይችል ነበር። ስለዚህ አስፈጻሚዎቹ ሟቹ በስዊድን፣ በቡፎሽ አጠገብ ቤት እንደ ነበረው እያስረዱ ነገሩን ወደ ካርልስኩጋ ፍርድ ቤት አመጡት።

በዚህ መካከል ሶልማን በፓሪስ ባንክ የነበሩትን የአክሲዮንና የብድር ሰነዶች በሣጥን እያሳሸገ፣ ሽፍታ እንዳይዘርፋቸው የተጐረሠ ሽጉጥ ይዞ በተከራየው ሠረገላ ከሣጥኖቹ ጋር እየሄደ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ውጭ አገር ይልካቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሀብት አንዲቱ ወረቀት እንኳ የእርሱ አልነበረችም፤ የአደራ ክብደት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ዋናው ፈተና ግን ከቤተ ዘመድ ጋር የነበረው ክርክር ነው። የሟቹ የወንድም ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል በሩሲያ የቤተሰቡ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ አለቃ ስለ ነበረ፣ ኑዛዜው ቢፈጸም ከሚጐዱት አንዱ ነበር። የስዊድን ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር ራሳቸው አስጠርተው ኑዛዜውን እንዲቃወም ቢመክሩት፣ እርሱ የአጎቱን ፈቃድ አላፈርስም አለ። ለሶልማንም በሩሲያ ቋንቋ የኑዛዜ አስፈጻሚ «ዱሼፕሪካዝቺክ» እንደሚባል፣ ትርጓሜውም የነፍስ ቃል አቀባይ ማለት እንደ ሆነ አስታወሰው። የነፍስ አባት ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ቃል እንግዳ አይሆንም።

የኖርዌይ ምክር ቤት በ1897 አደራውን ተቀበለ። በ1898 ከተቃዋሚዎቹ ዘመዶች ጋር በስምምነት ዕርቅ ወረደ። ጁን 29 ቀን 1900 ንጉሡ የኖቤልን ድርጅት ደንብ አጸደቁ፤ የመጀመሪያውም ሽልማት ሟቹ ባረፈበት ቀን፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1901 ተሰጠ። ወረቀቱ ብቻውን ይህን ሁሉ ባላደረገም ነበር።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሥራ ለውርስ አጣሪ ሰጥቶታል። ተናዛዡ አጣሪውን በኑዛዜው ሊሾም ይችላል። አጣሪውም ኑዛዜ መኖሩን ይመረምራል፤ ወራሾቹን ለይቶ ያውቃል፤ ሀብቱን ያስተዳድራል፤ ጊዜው የደረሰውን ዕዳ ይከፍላል፤ ስጦታውንም ለተሰጠው ሰው ያደርሳል። የወራሾች ስስትና የባለዕዳዎች ጩኸት ከሚገናኙበት መካከል የሚቆም ሰው ነውና ሥራው ቀላል አይደለም።

አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ሕያው ሰው ቢበደል ይከሳል፤ ሟች ግን ከመቃብር ተነሥቶ «ቃሌን ለውጠሃል» ብሎ ሊሟገት አይችልም። ስለዚህ ኑዛዜ የምንጽፍ ሁሉ ለሀብታችን ከምናስበው ይልቅ፣ ቃላችንን በማን እጅ እንደምናኖር አብልጠን እናስብ። አደራ የተቀበልን እንደ ሆነም፣ ያ ሰው አጠገባችን ቆሞ እንደሚያየን አድርገን እንፈጽመው።