መንገድ የወለዳት ከተማ፦ የአዳማ ሁለት ስሞችና ከተሜነቷ

አዲስ አበባ መናኸሪያ ውስጥ የሚኒባሱ ታፔላ «አዳማ» ይላል፤ ረዳቱ ግን «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ይጣራል። ተሳፋሪው ሳይደናገር ይገባል። የከተማዋ ማንነት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ስሟ ላይ ይቆማል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን የአዳማ ከተሜነት መሠረቱ መንገድና መንገዱ ያሰባሰበው ሠራተኛ ነው የሚል ነው።

የስሙ ታሪክ ቀላል አይደለም። «አዳማ» ኦሮምኛ ሲሆን በተለምዶ ከቁልቋል ስም ጋር ይያያዛል፤ በዝዋይ አቅራቢያ ያለችው አዳሚ ቱሉም ይህንኑ ቃል ይዛለች። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ ናዝሬት፣ ጎረቤቷ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተባሉ። አዳማ ነባር ስሟን በይፋ ያገኘችው በ1992 ዓ.ም. ነው። የኦሮሚያ መቀመጫ እንድትሆንም ተወሰነ፤ ውሳኔው ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ስሙም መቀመጫነቱም ከላይ የመጡ ውሳኔዎች ነበሩ።

ነዋሪውን ያሰባሰበው ግን ሌላ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ከሐረር መንገድ የሚገነጠለውም እዚሁ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በአጠገቧ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው ሠራተኛ ለአገዳ ቆረጣ ሲሰለፍ፣ ጂሌ ኦሮሞዎች የአዋሽ ዳር የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። የወንጂ ልማት የሚነገረው ከዚህ ዋጋ ጋር መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ ዘግይቶም የፍጥነት መንገዱና አዲሱ የባቡር መስመር ተጨመሩ።

የሰፈር ስሞች ይህን ታሪክ ይዘዋል። «ወንጂ ማዞሪያ» የሚል ሰው ሳያውቀው መንገዱን፣ ፋብሪካውንና የሠራተኛውን ምልልስ በሁለት ቃል ይተርካል። ይህን ስም ያወጣው ተጓዡ ራሱ ነው።

ስለዚህ የአዳማ ታሪክ ሲጻፍ ነባሩ ስም ክብሩን ይዞ፣ በልደት ወረቀቱ ላይ «ናዝሬት» የተጻፈለት ሰውም ከታሪኩ ሳይወጣ መጻፍ አለበት። ግጦሹን ያጣው አርብቶ አደር፣ አገዳ ቆራጩና የባቡር ሠራተኛው በአንድ መዝገብ ሲገቡ ከተማዋ የሁሉም ትሆናለች።