ዋስ የሌለው ውርርድ

ውርርድ የሚለው ቃል ዛሬ የሚያስታውሰን የእግር ኳስ ቲኬትን ነው፤ የጥንት ቤቱ ግን ችሎት ነበር። በዱሮው ሙግት ተሟጋች ቃሉን ሲያጸና፣ ይህን ባላስረዳ ብሎ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል፤ ዋስም ይጠራል፤ የተረታው ይከፍላል። ክርክሩ ብዙ ነጥብ ቢኖረው ውርርዱም በየነጥቡ ነበር። ስለዚህ በአንዱ ነጥብ የተረታ ሰው በሌላው ያስረዳው እውነት አይፈርስበትም። አባቶቻችን እንግዲህ መወራረድን ያውቁ ነበር። የማያውቁት አሥር ቃል በአንድ ገመድ አስሮ አንዱ ሲበጠስ ሁሉንም የሚጥለውን ውርርድ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ ስለ ቤቲንግ ጉዳት ሲነሳ የሚወቀሰው የኳስ ፍቅር ወይም የወጣቱ ስንፍና ነው። የእኔ ክርክር ከዚህ ይለያል፤ ነገሩን የለወጠው ያ ገመድ፣ ማለትም ብዙ ግምቶችን አባዝቶ የሚያስረው ጥምር ቲኬት ነው።

ገመዱ ለምን እንደያዘ ለመረዳት የአካባቢውን ታሪክ ማየት ይበጃል። የጅቡቲው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ባቡሩ ባለፈበት መስመር የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ አቃቂና ቃሊቲም በደመወዝ የሚተዳደር ሰው የበዛበት ሠፈር ሆኑ። ደመወዝ በቀኑ ቢመጣም በቤት ኪራይና በአስቤዛ ተቆራርሶ ያልቃል፤ ለሠርግ ወይም ለንግድ መነሻ የሚሆን ዳጎስ ያለ ገንዘብ አይተርፍበትም። ለዚህ ችግር ከተሜው ሠራተኛ ያገኘው መላ ዕቁብ ነው። ዕቁብም ዕጣ አለው፤ ዕጣው የሚወስነው ግን ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር አይደለም። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ የወሰደም ዋስ ያቀርባል። ትንሿን ብር ወደ ትልቅ ብር የመለወጥ ፍላጎት እንግዲህ ከቤቲንግ በፊት የነበረ፣ የሚከበርም ፍላጎት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ሁለተኛውን መንገድ ከፈተ፤ በዚህኛው ብዙዎች ከፍለው ጥቂቶች ይወስዳሉ። በሌላው ዓለም ደግሞ ሎተሪና ኳስ ቀደም ብለው ተጋብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 በሊቨርፑል የተጀመረው ሊትልውድስ የብዙ ጨዋታ ውጤት በአንድ ወረቀት ያስገምት ነበር፤ ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1946 ተመሳሳዩን ቶቶካልቾን ጀመረች። አሜሪካኖች በአንድ ተጫዋች ላይ ለብቻው ማወራረድን ያስፋፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1986ቱ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውል፣ ግዙፉ ተጫዋች ዊልያም ፔሪ ነጥብ ያስቆጥር እንደሆነ ካወራረዱ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ እኛ የመጣው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። የስፖርት ውርርድ በሎተሪ ሕግ ሥር ፈቃድ አገኘ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በየካፌው ይታይ ነበር፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ገንዘቡን ወደ ስልክ አስገባ። ዛሬ ማን ያሸንፋል ብቻ ሳይሆን ማን ያገባል፣ ማን ቢጫ ካርድ ያያል የሚሉት ግምቶች ሁሉ በአንድ ቲኬት ሊታሰሩ ይችላሉ።

ገመዱ ምን እንደሚያስከፍል ሒሳቡ ይናገራል። ዕድሉ እኩል ለእኩል የሆነ ግምት ትክክለኛ ኦዱ፣ ማለትም ሲያሸንፍ ለአንድ ብር የሚከፈለው፣ 2 ነው፤ አወራራጁ 1.90 ሰጠ እንበል። በነጠላ ውርርድ ከ100 ብር በአማካይ 95ቱ ለተወራራጆች ይመለሳል። አሥር እንዲህ ያሉ ግምቶች ሲታሰሩ ግን አወራራጁ የሚያስቀረው አምስት በመቶ አሥር ጊዜ ይደራረባል፤ ከ100 ብር የሚመለሰው ወደ 60 ይወርዳል። የ10 ብሩ ቲኬት 6,131 ብር ያሳያል፤ የማሸነፍ ዕድሉ ከ1,024 አንድ ስለሆነ በትክክለኛው ዋጋ 10,240 ሊያሳይ ይገባው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ ከሆነ የዕድል ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጣለ፤ የሚነካውም ይህን ዓይነቱን ድምር ነው። የኔቫዳ ግዛት የረጅም ጊዜ መዝገብም ይህንኑ ያጸናል፤ አወራራጆች ከጠቅላላው የስፖርት ውርርድ በመቶ 5 አካባቢ ሲያስቀሩ ከጥምሩ ግን 30 አካባቢ ያስቀራሉ።

ኳስ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊቃወም ይችላል፦ ሎተሪ ጭፍን ዕድል ነው፤ እኔ ግን ቡድኑን፣ አሰላለፉን፣ የአጥቂውን ወቅታዊ ብቃት አውቃለሁ። እውቀቱን አልክድም። ነገር ግን አጥቂው ጥሩ እንደሆነ አወራራጁም ያውቃል፤ ኦዱ ዝቅ ያለው ለዚሁ ነው። አጥቂው ያገባል ከሚለው ጋር ቡድኑ ያሸንፋል የሚለውን በአንድ ቲኬት ቢያስር፣ ሁለቱ ተያያዥ መሆናቸው በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። ከዚህም በላይ በአሥር ግምት ዘጠኙን ማወቅ ትልቅ ችሎታ ሲሆን በጥምር ቲኬት ዋጋው ዜሮ ነው። በዱሮው ችሎት ዘጠኝ ነጥብ ያስረዳ ሰው በዘጠኙ ረትቶ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ 10 ብር ማንንም አያደኸይም፣ መንግሥትስ ሎተሪ ይሸጥ የለም ወይ የሚል ነው። ሎተሪም ብዙ ያስቀራል፤ ይህ እውነት ነው። ልዩነቱ ከሽንፈት በኋላ በሚቀረው ስሜት ላይ ነው። የሎተሪ ቁጥሩ ያልወጣለት ሰው ዕድሌ አይደለም ብሎ ይተዋል። በአሥሩ ግምት ግን ዘጠኙን አግኝቶ በአንድ ጨዋታ የመበላት ዕድል፣ ሁሉንም አግኝቶ ከመብላት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ አሸናፊ አሥር ሰው ለጥቂት ቀረብኝ እያለ ይመለሳል ማለት ነው፤ የሚመለሰውም ችሎታው እንደተመሰከረለት ቆጥሮ ነው። ስለዚህ 10 ብሯ ብቻዋን አትቀርም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትደገማለች።

ይከልከል ለሚለው የ2014 ዓ.ም. ልምድ አለን። ያኔ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን አሸገ፤ ቲኬቱ ግን በስልክ ይቆረጥ ስለነበር በር ማሸግ ገመዱን አልበጠሰውም። የሚሻለው ሕጉ ነጠላውንና ጥምሩን ለይቶ ማየቱ ነው። በአንድ ቲኬት የሚታሰሩ ግምቶች ቁጥር ይወሰን፤ ሊገኝ ከሚችለው ብር ጎን የማሸነፍ ዕድሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ 6,131 ብር ባለበት ቦታ ከ1,024 አንድ የሚለውም በእኩል ፊደል ይታይ። የችሎቱ ውርርድ ዋስ ነበረው፤ ዕቁብም ዋስ አለው። የአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ ደመወዙን ሲያወጣም ሆነ ሲወራረድበት ቢያንስ ይህን እውነተኛ ቁጥር በዋስነት ሊያገኝ ይገባዋል።