ከአምስት ብር ያልበለጠ ስርቆትና የአጥቢያ ዳኛው ችሎት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱ ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ቢሰጥም፣ የጠፋ ጠገራ ብር ወይም የተሰረቀ ጋቢ የሚፈለግበት መንገድ ወዲያው አልተለወጠም። ተሰራቂው ሌባ ሻይ ያስጠራ ነበር፤ መድኃኒት የቀመሰው ልጅ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ከደጅ ደጅ ይሮጣል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ዕዳውን ይሸከማል። መድኃኒቱን አንዳንዱ ተመልካች በወተት ተበጥብጦ የተጠጣ ነው ሲል ሌላው የተጨሰ ነው ይላል። እኛ ሁሉም የሚስማሙበትን፣ ማለትም ተከሳሹ አንድም ቃል ሳይጠየቅ ጥፋተኛ መባሉን፣ ይበልጥ እናምናለን፤ ይሁንና ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች እንደነበሩና እንግዳ የሆነባቸውን ማጉላት እንደሚወዱ አንዘነጋም።

እንዲህ ያለውን አነስተኛ ክስ በየመንደሩ የሚያየው አጥቢያ ዳኛ በጽሑፍ ሕግ ቦታ ያገኘው አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1947 በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 ነው። አዋጁ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር፣ በወንጀል ደግሞ ከ15 ብር የማይበልጥ መቀጫ የሚያስከትል ጉዳይ እንዲያይ ፈቀደለት። አዲስ ሥልጣን ፈጠረ ከማለት፣ በየመንደሩ ሲሠራበት የኖረውን ዳኝነት በገንዘብ ልክ አጠረው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የ1961ዱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 ጉዳዩን ያብራራል። ስድብን፣ እጅ እልፊትን፣ አነስተኛ የንብረት ጉዳትንና ግምቱ ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን ዳኛው በተቻለ መጠን በእርቅ እንዲጨርስ፣ እርቁ ካልሆነለት ብቻ ፈርዶ እስከ 15 ብር እንዲቀጣ ያዛል። ለታሪክ ጸሐፊ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ የሰረቀ ጎረምሳ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቆ የዶሮዋን ዋጋ ከከፈለ የሚጻፍ ፍርድ የለም፤ ወደ መዝገብ የሚደርሰው እርቅ እንቢ ያለው፣ ቂም ያደረበት ነገር ነው። ስለዚህ መዝገብ ቆጥሮ መንደሩን ጠበኛ የሚል ጸሐፊ የለካው ዳኛው ያልተሳካለትን እንጂ ሥራውን አይደለም። እርቁም ሁልጊዜ በፈቃድ ነበር ብለን አንደመድምም፤ ዳኛው ባለርስት ወይም ባላባት በሆነበት ስፍራ ጭሰኛው እንቢ ለማለት ምን ያህል አቅም እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

የሕጎቹም ቃል እርስ በርሱ አይገጥምም። በ1962 ፍርድ ቤቶችን ያደራጀው አዋጅ ቁጥር 195 ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት እስከ ወረዳ ያሉትን አራት እርከኖች ሲዘረዝር አጥቢያ ዳኛን አያነሣም። ከዚህ ተነሥቶ ሥልጣኑ ቀርቷል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኛ ግን ገና በዓመቱ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በዝምታ ተሻረ ማለት ይከብደናል። ችሎቱም ዝምታውን እንደ መሻሪያ አልቆጠረውም፤ ደርግ ከ1975 ጀምሮ የቀበሌና የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎዎችን እስኪያቋቁም ድረስ ሲያስታርቅና ሲቀጣ ቆይቷል።