ግንደ ሕዋስ በእንስሳት የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሕክምና

ሜዘንካይማል ግንደ ሕዋሳት ወይም ስቴም ሴሎች ከመቅኔ፣ ከስብ ወይም ከእትብት ተወስደው በቤተ ሙከራ የሚራቡ ሕዋሳት ናቸው። በእንስሳት ሕክምና ስማቸው የገነነው የፈረስን ጅማትና መገጣጠሚያ በማከም ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እየበረከቱ መምጣታቸው ግን ተመራማሪዎች በሕዋሳቱ ፀረ ባክቴሪያ ባሕርይ ላይ እንዲያተኩሩ አድርጓል።

ሕዋሳቱ ባክቴሪያን የሚቋቋሙት በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ፣ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ እንደ ካቴሊሲዲን ያሉ ፔፕታይዶችን (አጫጭር ፕሮቲኖችን) ያመነጫሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ታመመው ቦታ ይጠራሉ፤ ባክቴሪያ የመዋጥ አቅማቸውንም ያጎለብታሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን ከልክ ያለፈውን ብግነት በማብረድ የተጎዳው አካል እንዲያገግም ያግዛሉ።

ይህ ባሕርይ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ባዮፊልም ሲፈጠር ነው። ስታፊሎኮከስ ኦውረስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በቁስል፣ በመገጣጠሚያ ወይም በተተከለ ብረት ላይ ተጣብቀው በሚያመነጩት ዝልግልግ ሽፋን ይሸሸጋሉ፤ አንቲባዮቲክም በቀላሉ አይደርስባቸውም። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን ከመስጠታቸው በፊት የቫይረስ ዘረ መል በሚመስል ሰው ሠራሽ አርኤንኤ አነቃቋቸው። የነቁት ሕዋሳት ከአንቲባዮቲክ ጋር ሲሰጡ በአይጦች ባዮፊልም ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ቀነሰ፤ ለረጅም ጊዜ ያልዳነ ኢንፌክሽን በነበረባቸው ውሾች ላይም አበረታች ውጤት ታየ። መገጣጠሚያቸው በስታፊሎኮከስ ኦውረስ እንዲለከፍ በተደረጉ ፈረሶችም ሕዋሳቱና ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በአንድነት ሲሰጡ፣ ቫንኮማይሲን ብቻውን ከሰጠው የተሻለ ውጤት ተገኝቷል።

በወተት ላሞች ደግሞ ትኩረት የሳበው የጡት በሽታ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ በጡት ሕዋሳት ውስጥ ስለሚደበቅ በሽታው ታክሞ ይመለሳል፤ አንቲባዮቲክ የተሰጣት ላም ወተትም ለተወሰኑ ቀናት ይደፋል። ከላም የተገኙ ግንደ ሕዋሳት የሚያመነጩት ፈሳሽ የዚህን ባክቴሪያ ዕድገት እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ሕክምናው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከራሱ ከእንስሳው የሚወሰዱ ሕዋሳት ተራብተው እስኪደርሱ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ አጣዳፊ ኢንፌክሽን ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ከሌላ ጤነኛ እንስሳ ተወስደው በቅዝቃዜ የተቀመጡ ሕዋሳት ይመረጣሉ። የሕዋሳቱ ጥራት ከለጋሽ ለጋሽ መለያየቱና የዝግጅቱ ውድነትም ስርጭቱን ይገድባሉ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው የእንስሳት ግንደ ሕዋስ መድኃኒትም ለፈረስ ማነከስ እንጂ ለኢንፌክሽን አይደለም። እስካሁን ያለው ማስረጃ ግንደ ሕዋስን የአንቲባዮቲክ ምትክ ሳይሆን አጋዥ ያደርገዋል፤ ተስፋው የጎላውም አንቲባዮቲክ ብቻውን ባልበቃባቸው ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖች ላይ ነው።