ተማሪዎችን መብታቸውን የሚያውቁ አስተዋይ ሸማቾች ማድረግ፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ መረጃ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ለዕለት ፍጆታ ወደ ሱቅ የሚላከው ልጅ ነው። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውንና ደብተሩን ገዝቶ፣ መልሱን ቆጥሮ ወደ ቤት የሚመለሰው ተማሪው ነው። የገዛው ምግብ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሚዛኑ የጎደለ ቢሆን ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በመላው ቤተሰብ ላይ ነው። ስለሆነም ተማሪዎች የሸማችነት መብታቸውን አውቀው እንዲያድጉ ማድረግ ለነገ ብቻ የሚደረግ ዝግጅት ሳይሆን የዛሬን የቤተሰብ ጤናና ገንዘብ መጠበቂያ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶችን፣ በግዢ ወቅት የሚደረጉ ጥንቃቄዎችን፣ የአቤቱታ አቀራረብንና ትምህርቱ በትምህርት ቤት የሚሰጥበትን መንገድ ያብራራል።

ተማሪ በሕግ ፊት ሸማች ነውን?

አዎን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን ሲተረጉም፣ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ ሳይሆን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛን ሰው ይመለከታል። ዋጋው የተከፈለው በራሱ ይሁን በሌላ ሰው ልዩነት አያመጣም። በመሆኑም በወላጁ ገንዘብ ደብተር የገዛ ተማሪ ሸማች ነው፤ «ገንዘቡ የአባትህ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» ተብሎ ሊመለስ አይገባም።

ይህ አዋጅ ከእርሱ በፊት የነበረውን የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 የተካ ነው። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም የሸማቾች መብት እውቅና ያገኘ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1962 ለአገራቸው ምክር ቤት ያቀረቡት መልእክት መነሻ ሆኖ፣ ዕለቱ በየዓመቱ የዓለም ሸማቾች መብት ቀን ተብሎ ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን ላይ ይውላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1985 የሸማቾች ጥበቃ መመሪያዎችን አጽድቋል።

የሸማቹ ዋና ዋና መብቶች

በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሸማች የሚከተሉት መብቶች አሉት፦

1. ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ወይም መግለጫ የማግኘት፤
2. ዕቃን ወይም አገልግሎትን አማርጦ የመግዛት፤
3. የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጭ በመመልከቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ ያለመገደድ፤
4. በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ፤
5. በገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ነጋዴው የዕቃዎቹን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ የመለጠፍ ወይም በዕቃው ላይ የማመልከት፣ ለሸጠው ዕቃም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ከባዕድ ነገር ጋር የተደባለቀ ዕቃ መሸጥ የተከለከለ ነው። በርበሬን ከቀይ አፈር፣ ማርን ከስኳር፣ ቅቤን ከሌላ ስብ መቀላቀል በዚህ ክልከላ ውስጥ ይወድቃል።

መረጃ የማግኘት መብት ማንበብ ለማይችል ሸማችም ይሠራል። በሰበታ ለረጅም ዘመን ያገለገለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንደሚገኝ ይታወቃል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማየት ለማይችል ተማሪ ዋጋውና የመጠቀሚያ ጊዜው በቃል ሊነገረው ይገባል፤ በጽሑፍ ተለጥፏል ማለት ለእርሱ መረጃ ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

ከመክፈል በፊት የሚደረጉ ሦስት ጥንቃቄዎች

*ቀኑን በትክክል ማንበብ።* ብዙ ሸማቾች የሚሳሳቱት ቀኑን ሳያዩ በመግዛት ብቻ ሳይሆን አይተው በተሳሳተ አቆጣጠር በማንበብም ነው። ከውጭ የሚገቡ የታሸጉ ምርቶች፣ ከአገር ውስጥም ብዙዎቹ፣ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ይጠቀማሉ። ለምሳሌ የመጠቀሚያ ጊዜው «06/2024» ላይ ያበቃል የሚል ብስኩት ተማሪው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ቢገዛ፣ ዓመቱን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበበው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ብስኩቱ ግን ጊዜው ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወሩም ያሳስታል፤ 06 የካቲት ሳይሆን እንደ አውሮፓውያን ስድስተኛው ወር፣ በአብዛኛው በእኛ ሰኔ ላይ የሚውለው ነው።

መቀየሪያው ቀላል ነው። ከአውሮፓውያን ዓመት መጀመሪያ እስከ እኛ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ለሚውል ቀን ከዓመቱ ላይ 8፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን ዓመት ማብቂያ ለሚውል ቀን ደግሞ 7 ይቀነሳል። አንዳንድ የአገር ውስጥ ምርቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚያትሙ «ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ መኖሩን መመልከት፣ ከተጠራጠሩም ሻጩን መጠየቅ ይገባል። ቀኑ የተፋቀ፣ የተደራረበ ወይም በሌላ ወረቀት የተሸፈነ ከሆነ ዕቃውን አለመግዛት ይመረጣል።

*መጠኑን ማረጋገጥ።* ሚዛኑ ዕቃ ሳይጫንበት ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት፣ የመያዣው ክብደት በዕቃው ላይ አለመደመሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በታሸጉ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የማሸጊያውን ትልቅነት ሳይሆን የተጻፈውን የተጣራ መጠን ማንበብ ይገባል። ለምሳሌ ባለ 900 ሚሊ ሊትር ዘይት በ270 ብር፣ ባለ 1 ሊትሩ በ290 ብር ቢሸጥ፣ የመጀመሪያው ርካሽ ይመስላል። በሊትር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 300 ብር ስለሚሆን በ10 ብር ይወደዳል።

*ዋጋውን ማወዳደር።* የተለጠፈውን ዋጋ ከሚጠየቀው ጋር ማመሳከር ተገቢ ነው። ለአገልግሎትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከቡራዩ አስኮ፣ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ የሚመላለስ ተማሪ የመስመሩን ታሪፍ ሊያውቅ ይገባል፤ ከታሪፍ በላይ የተጠየቀ ተሳፋሪ አቤቱታውን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያቀርባል።

ደረሰኝና 15 ቀናት

የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዕቃውን መልሶ ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። በአገልግሎት ላይ ጉድለት ሲገኝም አገልግሎቱ ያለ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጠው ወይም የከፈለው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ሻጩ የሰጠው ዋስትና ከዚህ የተሻለ ከሆነ ሸማቹ በዋስትናው ይጠቀማል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብትን አያስቀርም።

እዚህ ላይ ልዩነቱ ሊታወቅ ይገባል። ጉድለት ማለት ዕቃው የተበላሸ፣ የማይሠራ ወይም ከተነገረው የተለየ መሆኑ ነው። ጫማው ደህና ሆኖ ሳለ ቀለሙን ስላልወደደው ብቻ የሚመልስ ተማሪ ይህን የጉድለት ድንጋጌ ሊጠቅስ አይችልም፤ ነጋዴው ቢለውጥለት በበጎ ፈቃዱ ነው።

15ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ከግዢው ቀን ሲሆን ቀኑን በቀላሉ የሚያስረዳው ሰነድ ደረሰኝ ነው። በገበያ ላይ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀነስልሃል» የሚል ጥያቄ ያጋጥማል። ቅናሹ ማራኪ ቢመስልም ዕቃው ሲበላሽ ሸማቹ የት፣ መቼና በስንት እንደገዛው የሚያሳይበት ሰነድ አይኖረውም፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለው ግብርም ይቀራል። በተለይ የእጅ ስልክ፣ የሒሳብ ማሽንና ጫማ ሲገዛ ደረሰኝ ተቀብሎ ቢያንስ 15ቱ ቀናት እስኪያልፉ፣ ዋስትና ካለው ደግሞ ዋስትናው እስኪያበቃ መያዝ ይገባል። በደረሰኙ ላይ የነጋዴው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና የተከፈለው ዋጋ መኖራቸው ይታይ።

አቤቱታ የሚቀርበው የት ነው?

የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ ብዙውን ጊዜ በአንድ አስተዳደር ኖሮ በሌላው ይሸምታል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሥር ሲሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የሚለያቸው የአጭር ጊዜ የታክሲ ጉዞ ነው። በዚህም ምክንያት አቤቱታ ያለው ሰው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሊመላለስ ይችላል። መታወስ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ መነሻው የሸማቹ መኖሪያ ሳይሆን ነጋዴው የሚሠራበት ቦታ ነው። የንግድ ፈቃዱን የሚቆጣጠረው በዚያ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነውና።

* ግዢው በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ከተፈጸመ፣ በሸገር ከተማ የአካባቢው ንግድ ጽሕፈት ቤት፤
* ግዢው በአዲስ አበባ ከተፈጸመ፣ ሱቁ የሚገኝበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት፤
* ጉዳዩ ለጤና የሚያሰጋ ምግብ ወይም መድኃኒት ከሆነ፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ በተጨማሪ የአካባቢው የጤና ተቆጣጣሪ አካል።

ከሁሉ በፊት ግን ሸማቹ ወደ ሻጩ ተመልሶ በትሕትና መጠየቅ ይኖርበታል። ብዙ ጉዳዮች በዚሁ ያበቃሉ። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ደረሰኙን፣ ዕቃውን ከነማሸጊያው፣ የሱቁን አድራሻና ሻጩ የሰጠውን መልስ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ዕድሜው ያልደረሰ ተማሪ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ቢቀርብ ጉዳዩ በቀላሉ ይስተናገዳል።

በትምህርት ቤት እንዴት ይሰጥ?

የሸማችነት ትምህርት ሌላ ክፍለ ጊዜ ሳይጠይቅ ባለው ትምህርት ውስጥ ሊካተት ይችላል። የሒሳብ መምህር የዋጋ ንጽጽርንና የዘመን አቆጣጠር ልውውጥን፣ የሳይንስ መምህር ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ የዜግነት ትምህርት መምህር መብትንና ግዴታን ሊያስተምሩ ይችላሉ። በክበባት ደረጃም የሚከተሉት ተግባራት ይመከራሉ፦

* ተማሪዎች ከቤታቸው ባዶ ማሸጊያዎችን አምጥተው የተጣራ መጠኑን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እንዲያነቡና ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲቀይሩ ማድረግ። ሱሉልታ የታሸገ ውኃ የሚመረትባት ከተማ እንደመሆኗ የውኃ ጠርሙስ ለዚህ ምቹ መለማመጃ ነው፤
* አንዱ ሻጭ፣ ሌላው ሸማች ሆኖ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በአክብሮት የመመለስ ልምምድ ማካሄድ፤
* ከቤተሰብ ደረሰኞች ተሰብስበው የተሟሉትንና ያልተሟሉትን መለየት፤
* በሚኒ ሚዲያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጫጭር መልእክቶችን ማስተላለፍ፤ ተማሪው በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ የሰማውን ለወላጆቹ ማድረስ ይቀለዋልና።

መምህራን አንድ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። ተማሪዎች ሸማቾች እንጂ ተቆጣጣሪዎች አይደሉም። ሱቆችን እንዲፈትሹ መላክ ወይም የአንድን ነጋዴ ስም ሳይረጋገጥ በሚኒ ሚዲያ ማንሳት ተገቢ አይደለም። ሕግ አክባሪው ነጋዴም ጥበቃ ይገባዋል፤ ሐሰተኛ አቤቱታ እርሱን ይጎዳል፣ እውነተኛ አቤቱታ ያለውንም ሸማች ተሰሚነት ያሳጣል።

ለወላጆች

ልጅዎን ወደ ሱቅ ሲልኩ «ፈጥነህ ና» ወይም «ፈጥነሽ ነይ» ከሚለው ማሳሰቢያ ጋር «ቀኑን እይ፣ ደረሰኝ ተቀበል» የሚለውን ይጨምሩ። የተበላሸ ዕቃ ይዞ ሲመለስም ከመቆጣት ይልቅ አብረውት ወደ ሱቁ ይሂዱ። ልጁ ወላጁ ደረሰኙን አሳይቶ፣ ያለ ጠብ፣ ዕቃውን ሲያስለውጥ ማየቱ በክፍል የተማረው መብት በተግባር እንደሚሠራ ያረጋግጥለታል።