ሊቲየም ይሠራል፤ ወለጋ ውስጥስ?

"መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ በሊቲየም ጉዳይ መልስ ካገኘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ ላለ የባይፖላር ሕመምተኛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ክኒኑን የሚያዝዘው ባለሙያ የታማሚውን ደም የሚያስለካበት ቦታ አለው ወይ? የመድኃኒቱን ታሪክ ከሥሩ ያየ ሰው ሁለቱ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው እንደመጡ ይረዳል።

ባይፖላር ሰውን በሁለት ጫፍ የሚያንገላታ ሕመም ነው። አንድ ሰሞን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ንግግር ያበዛል፣ ገንዘብ ያስበትናል፤ ሌላ ሰሞን ከአልጋ መነሳት ያቅታል፣ ሞት ያስመኛል። በመሐል ሰውየው ደኅና ይሆናል። ቤተሰብም "ለቀቀው" ብሎ ያርፋል። ሲመለስበት ጸበል፣ ጸሎት ቤት፣ ቃሉ ቤት ይዞታል፤ ሲብስም በሰንሰለት የሚታሰር አለ።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሦስት ዓመት በላይ የጃፓን ጦር ምርኮኛ ሆኖ ቆይቷል። ከጦርነቱ በኋላ በሜልቦርን አቅራቢያ በአንድ ሆስፒታል ሲሠራ ሊቲየም የተወጉ የላብራቶሪ እንስሳት ሲረጋጉ አየ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1948 መድኃኒቱን ለአምስት ዓመት ያህል ባለማቋረጥ ሲታወክ ለኖረ የ51 ዓመት ሰው ሰጠው። ሰውየው በጥቂት ወራት ውስጥ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኬድ ውጤቱን በመስከረም 1949 አሳተመ።

የዚያ ሰው ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ክኒኑን ሲተው ሕመሙ አገረሸበት። እንደገና ጀመረ፤ በ1950 ደግሞ በዚያው በሊቲየም ተመርዞ ሞተ። የመድኃኒቱ ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ታየ ማለት ይቻላል፦ ያድናል፣ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፣ ሲበዛ ይገድላል። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሊቲየም በገበታ ጨው ምትክ ተሸጦ ሰው ስለገደለ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ስሙ ጠፍቶ ኖሯል።

ሊቲየምን ከዚህ ያዳነው የደም ምርመራ ነው። ሜልቦርን ውስጥ ኖአክና ትራውትነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1951 ከመቶ በላይ ሕመምተኞችን በደማቸው ያለውን መጠን እየለኩ ማከም እንደሚቻል አሳዩ። ዴንማርካዊው ሞገንስ ሹ ደግሞ ሥራውን ቀጠለበት። እርሱና ባልደረቦቹ በ1970 ባሳተሙት ጥናት ሊቲየም ሲወስዱ የቆዩ 84 ሴቶች ነበሩ። ሳያውቁት መድኃኒቱ በባዶ ክኒን ከተተካባቸው 39ኙ ውስጥ በአምስት ወር ለ21ዱ ሕመሙ ሲመለስ፣ ሊቲየሙን ከቀጠሉት 45ቱ አንዷም አላገረሸባትም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ጠቁመዋል። ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ለሚስማማው ሰው ግን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ከነቀምቴ የሚነሳ ቤተሰብ የታወከ ልጁን በአውቶቡስ ይዞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት፤ ከደምቢ ዶሎ ሲሆን መንገዱ እጥፍ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀምሮ ተመራቂዎቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሲላኩ ነው ሕክምናው ወደ ሕዝቡ መጠጋት የጀመረው። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት የታዩበት ጥናትም ባይፖላር "የፈረንጅ በሽታ" እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ታማሚም ዘመናዊ ሕክምና እንደማያገኝ አሳይቷል።

ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው፦ ሊቲየም የሚጀመረው የቅርብ ክትትልና ላብራቶሪ ባለበት ብቻ ነው። ጠቃሚው መጠን በሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን ከ1.5 ሲያልፍ መርዝነቱ ይጀምራል። ይህን የሚለካ ላብራቶሪ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ብርቅ ስለሆነ ባለሙያው ወደ ካርባማዜፒን ወይም ወደ ቫልፕሮት ያዘነብላል። ቫልፕሮት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ጽንስን ይጎዳል፤ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ቀላል ምርጫ አይደለም።

ወለጋ የራሷ ነገርም አላት። ሊቲየም የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያዳክማል፤ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እንቅርት የሚበዛበት ነው። ሳይመረመሩ መስጠት "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለውን ተረት ቃል በቃል መፈጸም ነው። በዴዴሳ ቆላ ወባ የያዘው ሰው ሲያስመልሰውና ሲያልበው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ይወጣል፤ ኩላሊትም ሊቲየሙን ያስቀራል። ለራስ ምታት ከፋርማሲ የሚገዛው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክም እንዲሁ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚከፋው መቋረጡ ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ መድኃኒት ቀጥ ያለበት ጊዜ ነበር። ለጉንፋን ክኒን መዘግየት ምቾት ይነሳል፤ ለሊቲየም ግን መቋረጥ ማለት የኬድን የመጀመሪያ ታካሚ ዕጣ መድገም ነው። በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብዙ ጊዜ በርትቶ ይመለሳል።

ስለዚህ "ሊቲየም ለእኛ አገር አይሆንም" የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። የሚጎድለው የደም፣ የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ፣ የማይቋረጥ የክኒን ክምችት፣ እንዲሁም ስለ ውሃ፣ ስለ ጨውና ስለ ማስታገሻ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚያስረዳ ነርስ ነው። ሜልቦርኖች ይህን የጀመሩት በ1951 ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ ነቀምቴ ላይ ይህን ማሟላት የሳይንስ ጉዳይ አይደለም፤ የበጀትና የሰላም ጉዳይ ነው።